የዋልታ በረዶና የባሕር ጠለል ሳይንሳዊ ጉባኤን እንዴት መከታተል ይቻላል?

ስለ አንታርክቲካና ስለ ግሪንላንድ የበረዶ ንጣፎች በሚመክር ሳይንሳዊ ጉባኤ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኝ ተማሪ፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፤ እርሱም «እ.ኤ.አ. በ2100 ባሕሩ ስንት ሜትር ይነሣል?» የሚል ነው። በአዳራሹ ውስጥ ግን አንዱ ተናጋሪ ስለ ግማሽ ሜትር፣ ሌላው ስለ አንድ ሜትር ሲናገሩ ይሰማል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ሜትርን ከግምት ማውጣት እንደማይቻል ያስረዳል። ሦስቱም እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን እየመለሱ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አድማጩ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የቆመበትን መሠረት ይዞ እንዲወጣ ለመርዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱን አስቀድሞ መለየት

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከቪዛና ከትኬት ሳይሆን ከቃላት ነው። በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ቃል በክረምት ከሰማይ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ የተራራ ጫፍ የሚያለብሰውንም ይሸፍናል። ለዕለት ኑሯችን ይህ በቂ ነው፤ በዚህ ጉባኤ ላይ ግን ቢያንስ አራት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የባሕር በረዶ ሲሆን፣ ይህም የባሕሩ ውኃ ራሱ ከላይ ረግቶ የሚፈጥረው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትሮች የማይበልጥ ሽፋን ነው። ሁለተኛው በተራራ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ወይም ከበረዶ ንጣፍ ወደ ባሕር፣ እንደ ወንዝ እጅግ ቀስ ብሎ የሚፈሰው የበረዶ ግግር ነው። ሦስተኛው አህጉርን የሚያህል ስፋት ያለውና በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከወደቀ አመዳይ፣ ማለትም ከሰማይ ከሚወርድ ለስላሳ በረዶ፣ የተከማቸው የበረዶ ንጣፍ ነው፤ በዛሬይቱ ምድር ላይ ይህ ስም የሚገባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የግሪንላንዱ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ጠለል በ7.4 ሜትር ያህል፣ የአንታርክቲካው ደግሞ በ58 ሜትር ያህል ከፍ የማድረግ አቅም አላቸው። አራተኛው ከንጣፉ ሳይላቀቅ ወደ ባሕር ወጥቶ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የንጣፉ ጠርዝ ነው።

ይህ አራተኛው ነገር ብዙ የዜና ስሕተት የሚወለድበት ነው። በብርጭቆ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ሲሟሟ ውኃው ሞልቶ እንደማይፈስ ሁሉ፣ ቀድሞውኑ የሚንሳፈፍ ጠርዝ ሲሰባበር ባሕሩን በቀጥታ ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጠርዙ ከኋላው ያለውን የየብስ በረዶ ደግፎ የያዘ ግድግዳ ነው። በ2002 በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የነበረው፣ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው የላርሰን ቢ ተንሳፋፊ ጠርዝ በሳምንታት ውስጥ ሲሰባበር የባሕሩ ጠለል አልተንቀሳቀሰም፤ ከበስተኋላው የነበሩት የበረዶ ግግሮች ግን ደጋፊያቸውን አጥተው ወደ ባሕር የሚፈሱበትን ፍጥነት ጨመሩ። ስለዚህ ተናጋሪው «በረዶ ጠፋ» ሲል፣ የጠፋው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ወደ ማስታወሻዎ አያስገቡት።

በነገራችን ላይ «የባሕር ወለል» የሚለውን አነጋገር በዚህ ርእስ ላይ ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። «ከባሕር ወለል በላይ» ሲባል የሚረዳው ሰው ቢኖርም፣ ሌላው ወለልን እንደ ቤት ወለል ወስዶ ስለ ባሕሩ መሠረት የሚነገር ሊመስለው ይችላል፤ የበረዶ ሳይንቲስቶች ደግሞ ስለ ሁለቱም ይናገራሉ። «ጠለል» ለላይኛው ገጽ፣ «የባሕር መሠረት» ለታችኛው ቢለያዩ ግርታው ይቀራል።

በወረቀት ጠርዝ ላይ የሚሠራ ስሌት

ከቃላት ቀጥሎ መያዝ ያለበት አንድ ቁጥር 360 ነው። የዓለም ውቅያኖሶች ስፋት ወደ 360 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 360 ጊጋቶን የየብስ በረዶ ወደ ባሕር ሲገባ ጠለሉ በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ይነሣል። አንድ ጊጋቶን አንድ ቢሊዮን ቶን ነው። አብዛኞቹ ተናጋሪዎች የሚያቀርቧቸው ሥዕላዊ መግለጫዎች በጊጋቶን የተለኩ በመሆናቸው፣ አድማጩ ይህን ማካፈል በቃሉ መሥራት ከቻለ የተነገረውን ወዲያውኑ ወደሚገባው መለኪያ ይለውጠዋል።

ለልምምድ ያህል፣ የበርካታ ቡድኖችን የሳተላይት ልኬቶች አንድ ላይ የሚያነጻጽረው ኢምቢ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ሁለቱ ንጣፎች ከ1992 እስከ 2020 ድረስ ወደ 7,560 ጊጋቶን በረዶ እንዳጡ አስልቷል። ይህ ለ360 ሲካፈል 21 ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ያወጣውም 21 ሚሊ ሜትር ነው። በተመሳሳይ መንገድ ግሪንላንድ ከ2002 ወዲህ በዓመት በአማካይ ወደ 270 ጊጋቶን እንደምታጣ ሲነገር፣ ይህ በዓመት ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር መሆኑን ማስላት ይቻላል። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ጠቅላላው የባሕር ጠለል ጭማሪ ከ2006 እስከ 2018 በነበረው ጊዜ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር እንደነበረ ያስታውስ። የቀረው ከአንታርክቲካ፣ ከተራራ በረዶ ግግሮች፣ በየብስ ላይ ከተከማቸ ውኃና ከሁሉም በላይ የባሕሩ ውኃ ሲሞቅ ከሚያሳየው የመጠን መጨመር የመጣ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር በበረዶ ጉባኤ ላይ ብዙም አይነሣም፤ አድማጩ ግን ከአእምሮው ሊያወጣው አይገባም።

የትኛው ጉባኤ፣ መቼ፣ በምን ሰዓት?

በዚህ ርእስ ላይ ብቻ የተወሰኑ ስብሰባዎች አሉ። የዓለም የአየር ንብረት ምርምር ፕሮግራም በባሕር ጠለል ላይ በ2017 በኒው ዮርክ፣ በ2022 ደግሞ በሲንጋፖር ጉባኤ አካሂዷል። በ1958 የተመሠረተው የአንታርክቲካ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴም ጉባኤውን በየሁለት ዓመቱ ያካሂዳል። ለጀማሪ ግን ይበልጥ የሚመቸው የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት በቪየና አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ወር የሚያካሂደው ጠቅላላ ጉባኤ ይመስለኛል። በቅርብ ዓመታት ከ15 ሺህ በላይ ሰው የሚገኝበት በመሆኑ መጠኑ ያስፈራል፤ ሆኖም በረዶን የሚመለከተው ዘርፍ የራሱ ክፍለ ጊዜዎች አሉት፣ በኢንተርኔት መሳተፍም ይቻላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀርቡት አኅጽሮተ ጥናቶች (የጥናቶቹ አጭር ማጠቃለያዎች) ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነባቸው በሚችል መልክ ይታተማሉ። ገንዘቡ ወይም ቪዛው ባይሳካ እንኳ እነዚያን አኅጽሮቶች ማንበብ ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ይሆናል። የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ጉባኤ በታኅሣሥ ገደማ የሚካሄድ ሲሆን፣ በስፋቱ ከቪየናው የሚተናነስ አይደለም።

ጥናት ለማቅረብ የሚያስብ ሰው ቀኖቹን በራሱ የዘመን አቆጣጠር ይጻፋቸው። የቪየናው ጉባኤ የአኅጽሮት ማስገቢያ ቀን ብዙውን ጊዜ ገና ካለፈ በኋላና ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንት ላይ ይውላል፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት ጊዜ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። የጉዞ ድጋፍ የሚጠይቅ ተማሪ ከዚህም ቀድሞ፣ በኅዳር ገደማ ማመልከት ይኖርበታል። አኅጽሮቱን ለማስገባት የማይመለስ ክፍያ እንዳለ፣ የቪዛ ቀጠሮም ብዙ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የግብዣ ደብዳቤው ጥናቱ ተቀባይነት ባገኘበት ዕለት ይጠየቅ። በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው ደግሞ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይለውጥ፤ በሚያዝያ ወር ቪየና ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ በመርሐ ግብሩ ላይ 8፡30 ተብሎ የተጻፈው የማለዳ ክፍለ ጊዜ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3፡30 ላይ ይጀምራል።

ከመርሐ ግብሩ ውስጥ በቀን ከሦስት የማይበልጡ ክፍለ ጊዜዎችን ይምረጡ። ብዙ አዳራሾችን መዞር ትጋት ይመስላል፤ በምሽት ማስታወሻ ሲገለጥ ግን የሚገኘው የተቆራረጠ አርእስት ብቻ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ስለ ልኬት፣ አንዱ ስለ ሞዴል (የበረዶውን የወደፊት ሁኔታ በኮምፒዩተር ስለማስላት)፣ አንዱ ደግሞ ስለ ጥንት ዘመን ቢሆን ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

በአዳራሽ ውስጥ፦ ልኬቱ እንዴት ተገኘ?

የንጣፎችን የክብደት ለውጥ ለመለካት ሦስት መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ድካም አለው። የመጀመሪያው ከፍታን መለካት ነው። በ2010 የመጠቀው ክራዮሳት 2 በራዳር፣ በ2018 የመጠቀው አይስሳት 2 በሌዘር የበረዶውን ገጽ ይለካሉ፤ ከፍታው ዝቅ ማለቱ ግን የላይኛው አመዳይ ተጨምቆ ይሁን በእርግጥ በረዶ ጠፍቶ መለየት ይቀራል። ሁለተኛው በስበት ኃይል መመዘን ነው። ከ2002 እስከ 2017 የሠሩት ሁለቱ የግሬስ ሳተላይቶችና በ2018 የተኳቸው ተከታዮቻቸው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ እየበረሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት በስበት ምክንያት ሲለዋወጥ በመለካት ከታች ያለውን ክብደት ያሰላሉ። ሦስተኛው የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው፤ በአንድ በኩል የወደቀው አመዳይ፣ በሌላ በኩል ወደ ባሕር የፈሰሰውና የቀለጠው ይቆጠርና ልዩነቱ ይወሰዳል።

በስበት የተገኘ የአንታርክቲካ ቁጥር ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በከፍተኛ በረዶ ተጭኖ የነበረው መሬት ሸክሙ ስለቀለለለት እስከ ዛሬ ቀስ በቀስ እየተነሣ ነው፤ ሳተላይቱም የዓለቱን መነሣት ከበረዶው ለውጥ አይለይም። ስለዚህ «ለመሬቱ መነሣት የትኛውን እርማት ተጠቀማችሁ? እርማቱ ቢለወጥ ውጤታችሁ ምን ያህል ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ጥያቄ ከጀማሪ ሲመጣ ተናጋሪው የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ከንግግሩ ይልቅ ግልጽ ይሆናል።

ሞዴሉ ምን አስገባ፣ ምን ተወ?

የጉባኤው ዋና ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ለዚህ ክፍል ሌላውን ሁሉ ብትተዉለት አይቆጨኝም። ክርክሩ የሚያጠነጥነው በምዕራብ አንታርክቲካ፣ በተለይም በአሙንድሰን ባሕር ዳርቻ ባለው የትዌይትስ በረዶ ግግር ላይ ነው። ትዌይትስ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የዓለምን የባሕር ጠለል ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ በረዶ ይዟል። አስቸጋሪ የሚያደርገው ደግሞ የተቀመጠበት መሬት ከባሕር ጠለል በታች መሆኑና ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይበልጥ እየጠለቀ መሄዱ ነው። ከጥልቅ ባሕር የሚመጣ ለብ ያለ ውኃ በረዶው መሬት ለቅቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን መስመር ከሥር እየበላ ወደ ኋላ ሲገፋው፣ መስመሩ ወደ ጠለቀው ቦታ ይሸሻል፤ በዚያ ያለው በረዶ ይበልጥ ወፍራም ስለሆነ የሚፈሰውም ይበልጥ ይጨምራል። ይህን አደጋ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል፤ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጆን መርሰር የምዕራብ አንታርክቲካን ንጣፍ ከካርቦን ልቀት ጋር አያይዘው ያስጠነቀቁት በ1978 ነበር።

በ2016 ሳይንቲስቶቹ ሮበርት ዴኮንቶና ዴቪድ ፖላርድ ሌላ ሂደት በሞዴላቸው ውስጥ አስገቡ። ተንሳፋፊው ጠርዝ ሲጠፋ የሚጋለጠው የበረዶ ገደል ከመጠን በላይ ከፍ ካለ የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶት ይናዳል፤ ከኋላውም ሌላ ገደል ይጋለጣል የሚል ነው። በዚህ ስሌት ልቀት ሳይገታ ከቀጠለ አንታርክቲካ ብቻዋን እስከ 2100 ከአንድ ሜትር በላይ ልታዋጣ እንደምትችል ሲገለጽ ዓለም ደነገጠ። በ2019 ታምሲን ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው ያለፈውን ዘመን የባሕር ጠለል ለማስረዳት ይህ የገደል መናድ የግድ እንደማያስፈልግ አሳዩ፤ የመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች ራሳቸውም በ2021 ባወጡት የተሻሻለ ሥራ የምዕተ ዓመቱን ቁጥር ዝቅ አደረጉ። በ2024 ደግሞ በማቲዩ ሞርሊገም የተመራ ጥናት ትዌይትስ በዚህ ምዕተ ዓመት ውስጥ በገደል መናድ የመፍረስ ዕድሉ ዝቅተኛ መሆኑን አመለከተ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ግን እንደሚቀጥል አልካደም። አድማጭ ከዚህ «ሳይንቲስቶች ተሳሳቱ» የሚል ዜና ቢያወጣ ነገሩን አልተረዳውም። በአንድ ሂደት ላይ ስምንት ዓመት የተደረገ ክርክር ቁጥሩን ከፍና ዝቅ አድርጎታል፤ የጉባኤው ትርፍም ይህን ክርክር በቀጥታ መስማት ነው። ስለዚህ ሞዴል በቀረበ ቁጥር የገደል መናድ ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም፣ ባሕሩ ከሥር የሚያቀልጠውስ በምን ተሰልቷል ብለው ይጠይቁ።

ስለ ጥንት ዘመን የሚቀርቡ ጥናቶችን ደግሞ አይናቁ። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ሞቃት ዘመን፣ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን መባቻ ብዙም ሳይበልጥ፣ የባሕር ጠለል ከዛሬው ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ያለ እንደነበረ ይገመታል። በዚህ ክፍለ ጊዜ ላይ ኢትዮጵያዊ አድማጭ በአፋር፣ በዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ዙሪያ የሚገኙትን የጥንት ኮራሎች ቢያነሣ ከርእሱ አልወጣም፤ ቀይ ባሕር በአንድ ወቅት ወደዚያ ገብቶ እንደነበረ ይመሰክራሉና። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬቱ ራሱ ስለሚነሣና ስለሚሰምጥ፣ የኮራሉን ከፍታ ብቻ ይዞ የባሕሩን ጠለል ማስላት አይቻልም፤ ይህን አስቀድሞ የሚያነሣ ጠያቂ መልካም ውይይት ይከፍታል።

ጥያቄ የሚቀርበው የት ነው?

ከንግግር በኋላ የሚሰጠው የጥያቄ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ እርሱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት ነባሮቹ ናቸው። ለአዲስ ሰው የሚሻለው የፖስተሩ አዳራሽ ነው፤ በዚያ ተመራማሪው ከሥራው ፊት ቆሞ ጠያቂ ይጠብቃል፣ ብዙውን ጊዜም የዶክትሬት ተማሪ ስለሆነ ሰው ሲያናግረው ደስ ይለዋል። በቪየና ደግሞ እያንዳንዱ አቅራቢ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተናግሮ ከዚያ በየስክሪኑ ዘንድ ቆሞ የሚያወያይበት አሠራር አለ። በእኛ ባህል ታላቅን ሰው በጥያቄ መጫን ነውር ሊመስል ይችላል፤ እዚያ ግን አለመጠየቅ ሥራውን ካለማንበብ ይቆጠራል።

ወደ አማርኛ ሲጻፍ

ማስታወሻው ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ እያንዳንዱ ቁጥር አራት ነገሮችን ይዞ ይውጣ፦ ከየትኛው መነሻ ዘመን ጀምሮ እንደተለካ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው የልቀት መንገድ እንደተሰላና በምን ያህል ዕድል እንደተነገረ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ያወጣው ግምገማ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ1995 እስከ 2014 ከነበረው አማካይ አንጻር እስከ 2100 ድረስ በዝቅተኛ ልቀት ከ0.32 እስከ 0.62 ሜትር፣ እጅግ ከፍተኛ በሆነ ልቀት ደግሞ ከ0.63 እስከ 1.01 ሜትር የሚሆን ጭማሪ እንደሚጠበቅ ይገልጻል። እነዚህ ክልሎች ቢያንስ 66 በመቶ ዕድል የተሰጣቸው ናቸው፤ ይህም ማለት ከክልሉ ውጭ የመሆን ዕድል ጥቂት አይደለም። ግምገማው ከዚህ ለይቶ፣ በደንብ ያልታወቁት የበረዶ ሂደቶች ከተከሰቱ በእጅግ ከፍተኛ ልቀት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጭማሪን ከግምት ማስወጣት እንደማይቻል ያክላል። «ባሕሩ ሁለት ሜትር ሊነሣ ነው» ብሎ አርእስት ማውጣትም፣ ሁለት ሜትሩን ጨርሶ መተውም እኩል ያሳስታሉ።

የዘመን አቆጣጠሩን ግልጽ ማድረግም የግድ ነው፤ በእኛ 2100 ዓ.ም. ሲባል በአውሮፓውያኑ 2107 ወይም 2108 ማለት ስለሆነ፣ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከወደቀ ትንበያው በሰባትና በስምንት ዓመት ይንሸራተታል።

እንዲሁም የዓለም አማካይ የአንድ ወደብ ቁጥር አይደለም። ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ በስበቱ ውኃን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሲቀልጥ ያ ስበት ስለሚቀንስ ከግሪንላንድ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ርቀት ውስጥ ባሕሩ ሊወርድ ሲችል፣ ራቅ ባለው ቦታ ከአማካዩ በላይ ይነሣል። በግብፅ በአባይ ደለል ምድር ላይ እንዳሉት ከተሞች መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ባለበት ቦታ ደግሞ ነዋሪው የሚያየው ጭማሪ ከዚያም ይበልጣል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የወጪና የገቢ ንግዷን በጅቡቲ በኩል ስለምታስተናግድ፣ ለአገር ውስጥ አንባቢ የሚጠቅመው ጥያቄ የዓለም አማካይ ሳይሆን በዚያ ዳርቻ ላይ የሚጠበቀው ጭማሪ ነው። በባሕር ዳርቻ ጥናቶች ክፍለ ጊዜ ላይ ይህን መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ፣ በጉባኤ ላይ የሚቀርብ አኅጽሮት በባልደረቦች ጥልቅ ግምገማ ያለፈ ጽሑፍ እንዳልሆነ ያስታውሱ። አንድን አዲስ ውጤት ከመዘገብዎ በፊት ለተናጋሪው ኢሜይል ልከው ጥናቱ በየትኛው መጽሔት ላይ እንደቀረበ ይጠይቁ፤ ዘ ክራዮስፌር በተባለው ነጻ መጽሔት ላይ ከሆነ ከጽሑፉ ጋር የገምጋሚዎቹ ትችትና የደራሲዎቹ መልስ አብረው ስለሚገኙ፣ በአዳራሹ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የተቋረጠው ክርክር በዚያ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ይነበባል።